ምግብ ስንለግስ፡- ምን? መቼ? ለማን?

ምግብ መለገስ ለኅብረተሰባችን አዲስ ነገር አይደለም። ተዝካሩና ሰደቃው፣ ሰንበቴውና የበዓል ማዕድ ማጋራቱ ሁሉ የዚሁ ልማድ መገለጫዎች ናቸው። ልደቱን እንደ መቄዶንያ ባሉ የአረጋውያን ማዕከላት ምሳ በማብላት የሚያከብረው የከተማ ነዋሪም ጥቂት አይደለም። ሆኖም አብዛኛውን ጊዜ የምናወራው ስለ ሰጪው ደግነት እንጂ የተሰጠው ምግብ ረሃቡን በእርግጥ ስለማስታገሱ አይደለም። በእኔ እምነት አንድ ልገሳ ፍሬ የሚያፈራው የጎደለው ምን እንደሆነ፣ መቼ እንደሚደርስና በማን እጅ እንደሚገባ አስቀድሞ ሲታወቅ ነው።

እህል ወይስ ገንዘብ?

በ1965 እና 1966 ዓ.ም. ወሎን የመታው ረሃብ ለዚህ ጥሩ ትምህርት ይሰጣል። የምጣኔ ሀብት ሊቁ አማርትያ ሴን እ.ኤ.አ. በ1981 ባሳተሙት መጽሐፍ እንዳሳዩት፣ በወቅቱ የአገሪቱ አጠቃላይ የምግብ ምርት ክፉኛ አላሽቆለቆለም፤ በደሴ ገበያ የእህል ዋጋም ብዙ አልናረም። እንዲያውም ከወሎ እህል ወደ ሌሎች ከተሞች ይጫን ነበር። ሕዝቡ ያለቀው ሰብሉና ከብቱ ጠፍተውበት የሚገዛበት አቅም በማጣቱ ነው።

ስለዚህ ገበያው ላይ እህል እያለ ሰው ገንዘብ ካጣ፣ ገንዘብ መስጠት ይቀላል፤ ይፈጥናልም። ገበያው ባዶ ከሆነ ወይም መንገድ ከተዘጋ ግን ብር አይበላምና እህሉ ራሱ መድረስ አለበት። በ1997 ዓ.ም. የተጀመረው የሴፍቲኔት ፕሮግራም በጥሬ ገንዘብም በእህልም ድጋፍ እንዲሰጥ ሆኖ የተቀረፀው ያለ ምክንያት አይደለም።

ባሕር ተሻግሮ የሚመጣ ስንዴ

አሜሪካ ትርፍ እህሏን ለውጭ አገራት የምትሰጥበትን ሕግ ያወጣችው እ.ኤ.አ. በ1954 ነው። ይህ ስንዴ በአገራችን የብዙ ሰው ሕይወት ማትረፉ አይካድም። ችግሩ ጊዜውና ወጪው ነው። የአሜሪካ ምክር ቤት የኦዲት መሥሪያ ቤት እ.ኤ.አ. በ2009 ባወጣው ሪፖርት፣ በመርከብ የሚመጣው እህል አሥር የአፍሪካ አገራት ለመድረስ በአማካይ 147 ቀናት ሲፈጅ በዚያው በተረጂው አገር የሚገዛው ግን 35 ቀናት ብቻ ይወስዳል ብሏል። ከሰሃራ በታች ባሉ አገራት የተገዛው ደግሞ ዋጋው በ34 በመቶ ያንስ ነበር። አምስት ወር ገደማ መጠበቅ ለተራበ ቤተሰብ ምን ማለት እንደሆነ መገመት አያዳግትም።

እህሉን ከአገር ውስጥ ገበሬ መግዛት ለገበሬውም ገበያ ይፈጥራል። ይሁንና ምርት በቀነሰበት ዓመት ያለ ጥናት በብዛት መግዛት ዋጋ አንሮ ሌላውን ድሃ ሊጎዳ ይችላል።

ስንት ይበቃል?

በአገራችን የተለመደው የአስቸኳይ ጊዜ ራሽን ለአንድ ሰው በወር 15 ኪሎ እህል፣ 1.5 ኪሎ ጥራጥሬና 0.45 ሊትር ዘይት ነው። በዚህ ስሌት አንድ ኩንታል ስንዴ ስድስት ሰዎችን ለአንድ ወር ይይዛል። ጥራጥሬውና ዘይቱ ከተረሱ ግን ሆድ ቢሞላም ሰውነት ይጎዳል። በከፋ የምግብ እጥረት የተጎዳ ሕፃን ደግሞ በስንዴ አይድንም፤ ከለውዝ፣ ከወተት፣ ከዘይትና ከስኳር የሚዘጋጅ አልሚ ምግብና የጤና ባለሙያ ክትትል ያስፈልገዋል።

ከድግስ የተረፈው

እንደ ተባበሩት መንግሥታት ድርጅት ግምት እ.ኤ.አ. በ2022 በዓለም ላይ ከአንድ ቢሊዮን ቶን በላይ ምግብ ባክኗል። ይህን ለመታደግ በአሜሪካ ፊኒክስ ከተማ የመጀመሪያው የምግብ ባንክ የተከፈተው እ.ኤ.አ. በ1967 ነበር። ፈረንሳይም እ.ኤ.አ. በ2016 ትልልቅ ሱፐርማርኬቶች ያልተሸጠ ምግባቸውን እንዳያበላሹ በሕግ ከልክላለች።

እኛም ከሠርግና ከስብሰባ የሚተርፈውን ለመለገስ ጥቂት ጥንቃቄ ይበቃናል። ለተቀባዩ ማዕከል ቀድሞ መደወል፣ የበሰለውን ከሁለት ሰዓት በላይ ሳይቀመጥ ማድረስ፣ ጾም ይሁን ፍስክ ማጣራት፣ ሥጋ ከሆነ የክርስቲያን ወይም የሙስሊም መሆኑን መግለጽ ያስፈልጋል። ከሰው ሳህን የተመለሰ ትራፊ ግን ልገሳ አይደለም፤ ተቀባዩም ክብር ያለው ሰው ነው።

የመተማመን ጉዳይ

እ.ኤ.አ. በ2023 አጋማሽ እርዳታው ለታለመለት ሰው አልደረሰም በሚል የዓለም ምግብ ፕሮግራምና የአሜሪካ ተራድኦ ድርጅት በኢትዮጵያ የምግብ እደላቸውን ለወራት አቋርጠው ነበር። እህሉን ያዞረው ሌላ፣ ጦሙን ያደረው ተረጂው ሆነ። እ.ኤ.አ. በ2025 ደግሞ የተራድኦ ድርጅቱ ራሱ ተዘጋ። በሰው እጅ ላይ ያለ እንጀራ እስከመቼም እንደማያስተማምን ከዚህ የበለጠ ማስረጃ ያለ አይመስለኝም።

በእርግጥ የግለሰቦች መዋጮ የመንግሥታትን እርዳታ ሊተካ አይችልም። ነገር ግን አንድ መሥሪያ ቤት ሠራተኞቹን አስተባብሮ በበዓል ሰሞን ብቻ ሳይሆን በየወሩ ጥቂት ኩንታል እህል ወይም ዋጋውን ቢሰጥ፣ ተቀባዩም ደረሰኝ ቆርጦ የት እንዳደረሰው ቢያሳውቅ፣ የምግብ ማዕከላት ነገን አስበው ማቀድ ይችላሉ። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነውና።