አረፋው ይገፈፍ ወይስ ይቆይ?

ሾኔን እያነሱ ስለ ኮራል ማውራት ምን የሚሉት ፈሊጥ ነው የሚል አይጠፋም። እውነት አለው። ከሃላባ ቁሊቶ ወደ ወላይታ ሶዶ በሚወስደው መንገድ ላይ ያለች ከተማ ጨዋማ ውሃ የምታውቀው ወጥ ድስት ውስጥ ነው፤ በአካባቢው አለ የሚባለው ወንዝም ብላቴ ነው። ቢሆንም ዛሬ የምናነሳው መሣሪያ ስሙ ይራቅ እንጂ ሥራው በየጓዳችን ያለ ነው። ቅቤ ሲነጠር ያላየ ማን አለ? እሳቱ ሲሰማው አረፋ ይወጣዋል፤ እናቶቻችን በማንኪያ ገፍፈው ያስወግዱታል። ያ አረፋ ባብዛኛው የወተት ፕሮቲን ነው። የሀዲያና የከምባታ እናቶች እንግዲህ ፕሮቲን ሲገፉ ኖረዋል ማለት ነው፤ ማንም ግን “ስኪመር” ብሎ አልሸጠላቸውም።

ፕሮቲን ስኪመር ይኸው ነው፤ እሳት ብቻ የለውም። የባሕር ውሃ ወደ አንድ ቱቦ ይገባል፤ ከታች እጅግ ደቃቅ የአየር አረፋ ይለቀቅበታል። ከዓሣ ኩስና ከምግብ ትርፍራፊ ወደ ውሃው የሚሟሙት ነገሮች አንዱ ጎናቸው ውሃ ይወዳል፣ ሌላው ጎናቸው ውሃ ይሸሻል። ስለዚህ አየርና ውሃ የሚገናኙበትን የአረፋ ገጽ ሲያገኙ ይለጠፉበታል። አረፋው ተደራርቦ የቱቦውን አንገት ይወጣና ከላይ ባለ ጽዋ ውስጥ ይደፋል፤ መልኩ ሻይ፣ ሽታው ግን አያድርስ። ይህ ካልሆነ ቆሻሻውን ባክቴሪያ ይበላውና መጨረሻው ናይትሬትና ፎስፌት ይሆናል። እነሱ ሲበዙ አልጌው ይፈነጫል፣ ኮራሉ ይታፈናል። (በነገራችን ላይ ጨው በሌለው ውሃ አረፋው ትልልቅ ስለሚሆንና ቶሎ ስለሚፈነዳ መሣሪያው እዚህ ግባ የሚባል ሥራ አይሠራም። ቤታችሁ ወርቃማ ዓሣ ያላችሁ ወዳጆቻችን ገንዘባችሁን አታባክኑ።)

ክርክሩ እንግዲህ ይህ መሣሪያ በኮራል ገንዳ ውስጥ ያስፈልጋል ወይስ አያስፈልግም የሚል ነው። ነገሩን ከሥሩ እናንሳው። ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ኮራሎቹ የያዙትን ሳይንሳዊ ስም ብትመረምሩ ብዙው ከእኛው ሰፈር ባሕር ተነስቶ የሄደ ነው። ጀርመናዊው ሄምፕሪክ ዛሬ የኤርትራ በሆነችው ምጽዋ በ1825 ሞተ። ጓደኛው ኤረንበርግ ተርፎ አገሩ ገባና በ1834 የቀይ ባሕርን ኮራሎች የዘረዘረ ሥራ አሳተመ፤ አንዱን ዝርያ በሟቹ ስም ሰየመው፤ ዛሬ አክሮፖራ ሄምፕሪኪ የሚባለው ነው። ሌላው ጀርመናዊ ሩፔል ደግሞ የቀይ ባሕሩን ባለ ሁለት መቀነት ክላውንፊሽ በ1830 ለሳይንስ አስተዋወቀ፤ ቀጥሎ በምጽዋ በኩል ገብቶ እስከ ጎንደር ዘልቋል። እነዚህ ሰዎች የወሰዱት ግን የሞተና የደረቀ ነው። ኮራልን በሕይወት ቤት ማስገባት ሌላ ጣጣ ነበር።

ጣጣውን ቀድማ የገባችበት እንግሊዛዊቷ አና ታይን ነች። በ1846 ከቶርኪ የባሕር ዳርቻ ኮራሎች ይዛ ለንደን ገባች። ውሃው እንዳይበላሽ መላ አገኘች፤ የቤት ሠራተኛዋ ክፍት መስኮት አጠገብ ቆማ የባሕሩን ውሃ ከዕቃ ወደ ዕቃ ስትገለብጥ ትውላለች፣ አየር እንዲገባው። በኋላ የባሕር ዕፅዋት ተጨመሩና ገላገሏት። የእመቤቲቱ ስም በአኳሪየም ታሪክ ውስጥ አለ። ክንዷ የዛለው ልጅ ግን “ሠራተኛዋ” ተብላ ቀርታለች፤ እኛ የመጀመሪያው ፓምፕ እሷ ነበረች እንላለን።

በ1850 ደግሞ ኬሚስቱ ሮበርት ዋሪንግተን ሁለት ወርቃማ ዓሣና አንድ ተክል አብሮ አኖረ። ተክሉ አየር ይሰጣል፣ ዓሣው ይተነፍሳል፤ የበሰበሰው ቅጠል ግን ውሃውን ያደፈርሰው ጀመር። ቀንድ አውጣ ጨመረበት፤ ቅጠሉን በላችለት፣ ውሃው ጠራ። የዛሬው ክርክር በሙሉ እዚህች ቀንድ አውጣ ላይ አለ። ቆሻሻውን የሚበላ ፍጡር ይጨመር ወይስ ቆሻሻው ራሱ ይውጣ?

በ1961 የጃካርታው ሊ ቺን ኤንግ መልሱን በአንድ የአሜሪካ የዓሣ መጽሔት ጻፈ። ገንዳው ውስጥ የባሕር ውሃ፣ ከነሕይወቱ ከባሕር የወጣ ድንጋይ፣ ብርሃንና ትንሽ የአየር አረፋ። ሌላ የለም። በድንጋዩ ቀዳዳዎች ውስጥ የሚኖሩት ደቃቅ ፍጥረታት ያጸዱታል። ሰውዬው ግን ባሕሩ ደጁ ነው። ዘዴውን በአሜሪካና በአውሮፓ የሞከሩት ብዙዎች ድንጋዩ በመንገድ ላይ እየሞተና እየሸተተ ገንዳቸውን አጡ፤ “የተፈጥሮ ዘዴ” የሚለውም ስም አብሮ ወደቀ።

በዚያው በ1960ዎቹ ጀርመኖች ስኪመሩን ወደ አኳሪየም አመጡት። ቆየት ብሎ በርሊን ውስጥ እነ ዲትሪክ ሽቱበር የቺን ኤንግን ድንጋይ ወስደው ኃይለኛ ስኪመርና ኃይለኛ መብራት ጨመሩበት። አክሮፖራ፣ ያ አስቸጋሪ ኮራል፣ በገንዳ ውስጥ አደገ። ከሽቱበር ገንዳ የተቆረጠው ቅርንጫፍ ከእጅ ወደ እጅ ዞረ። “የበርሊን ዘዴ” የሚባለው ይህ ነው፤ ስኪመርን እንደ ግዴታ ያስቆጠረውም እሱ ነው።

ሁሉም ግን አልተቀበለውም። በአሜሪካ ስሚዝሶኒያን የዋልተር ኤዲ ገንዳ ያለ ስኪመር፣ ብርሃን በሚበራለት የአልጌ ምንጣፍ ይጸዳ ነበር። የኤዲ ሙግት ስኪመር ከቆሻሻው ጋር የኮራሉን ቀለብ፣ ማለትም ደቃቅ ተንሳፋፊ ፍጥረታትን፣ ይጠርጋል የሚል ነው። ሞናኮ ላይ ዣን ዦቤር ሥራውን ለአሸዋው ሰጠው።

ክርክሩ እንዲህ በእምነት ሲካሄድ ቆይቶ በ2009 አንድ ሰው ለካው። የፔን ስቴት ዩኒቨርሲቲው ኬሚስት ኬን ፌልድማን የተለያዩ ስኪመሮችን አወዳደረ። ከሞከራቸው ውስጥ በውሃው ካለው ኦርጋኒክ ካርቦን ከ35 በመቶ በላይ ያወጣ አልተገኘም። ውዱም እንደ ርካሹ! ቀሪው ለአረፋ እጅ አይሰጥም፤ እሱን ባክቴሪያ መብላት አለበት። ስለዚህ “ስኪመር ሁሉንም ያጸዳል” የሚለው የሻጭ ወሬ ነው። “ኮራሉን ያስርባል” የሚለውም ተጋኗል፤ ሁለት ሦስተኛው እዚያው ቀርቷላ።

ይሄ ሁሉ የሀብታም ጨዋታ ነው እንዳትሉን። በ2023 የፍሎሪዳ ባሕር ሲግል ኮራሎች እየተለቀሙ በየብስ ላይ ወዳሉ ገንዳዎች ተወስደዋል። በ2024 ደግሞ ዓለም አቀፍ የኮራል መንጣት ለአራተኛ ጊዜ መከሰቱ ታውጇል። ባሕሩ እስኪሻለው በገንዳ ማቆየት ግድ ከሆነ፣ ገንዳው በምን ይጸዳል የሚለው የትርፍ ጊዜ ጥያቄ መሆኑ ያበቃል።

ወደ እኛ ስንመጣ ባሕር የለንም፤ ውሃውን በተዘጋጀ የአኳሪየም ጨው መበጥበጥ ነው። (አሞሌ አይሆንም፤ ኮራል ካልሲየምና ማግኒዚየም ይፈልጋል።) ዓሣ የሚያበዛ ሰው ስኪመር ይግዛ፤ ከማጽዳቱ ሌላ ውሃውን አየር ያጠግበዋል። ዓሣው ሁለት ሦስት ብቻ ከሆነ፣ ድንጋዩ ጤነኛ ከሆነና ውሃው በየሳምንቱ በከፊል ከተቀየረ ግን እኛ ከቺን ኤንግ ጋር ነን። መብራት በጠፋ ሌሊት ስኪመሩም ፓምፑም እኩል ዝም ይላሉ፤ ዓሣው ደግሞ አየር የሚያልቅበት ያኔ ነው። ባትሪ የሚበላ ትንሽ የአየር ፓምፕ መጀመሪያ ይገዛ፤ ስኪመሩ ገንዘብ ሲተርፍ ይደርሳል።