ነጠላ የሚዘቀዘቅበት ቦታ

ቅዳሜና እሑድ ባሕር ዳር ውሎ ሙሽራ ያላየ ሰው ከተማዋን አየኋት አይበል። ከሐይቁ ዳር ፎቶ ተነሥተው ሲያበቁ የአባይን ድልድይ ይሻገሩና አባይ ማዶ ካለው የሰማዕታት ሐውልት ይገባሉ። ቪዲዮ ቀራጩ የኋሊት እየሄደ ይቀርጻል፣ ሚዜዎቹ ይጨፍራሉ፣ የሙሽራዋን ቬሎ ሁለት ሕፃናት ከኋላ ይይዙላታል። ቦታው ደግሞ ያምራል። አባይ ከጣና ወጥቶ ገና መንገዱን ሲጀምር ከዚያ ሆኖ ማየት የሚጠላ የለም። እኔም ከዘመድ ሙሽሮች ጋር ሁለት ሦስቴ እዚያ ተደርድሬ ፎቶ ተነሥቻለሁ። ሐውልቱ የማን እንደሆነ አንስተን የተነጋገርንበት ቀን ግን ትዝ አይለኝም።

በ2002 ዓ.ም. እናቴን ይዤ ሄድኩ። «ውሰደኝ» ያለችኝ እሷው ናት።

«ያ የወታደሮቹ ሐውልት የሚባለው ቦታ ውሰደኝ።»

«የወታደሮች አይደለም እማዬ። ደርግን ሲወጉ የሞቱት የታጋዮቹ ነው።»

«ያው የሰው ልጆች አይደሉም?» አለችና ነጠላዋን አነሣች።

ከግቢው በር ስንደርስ ቆም አለች። ነጠላዋን ከትከሻዋ አውርዳ ገለበጠችውና ዘቅዝቃ፣ ጥለቱን ወደ አንገቷ አድርጋ ለበሰችው። ይህ ለእናንተ ተራ ነገር ይመስል ይሆናል። እናቴ ግን ለጎረቤት ለቅሶ ካልሆነ በቀር ለራሷ ሐዘን ነጠላ ስትዘቀዝቅ ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ አላየኋትም ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። ታላቅ ወንድሜ በ1978 ዓ.ም. በብሔራዊ ውትድርና ሄደ። ሃያ ዓመቱ ነበር። ከሰሜን ሦስት ደብዳቤ ጻፈልን፤ ሦስቱንም ለእናቴ ያነበብኩላት እኔ ነኝ። መጋቢት 1980 ናደው ዕዝ አፋቤት ላይ ሲፈርስ ደብዳቤው ቆመ። መርዶ ግን አልመጣም። «ሞቷል» የሚል ወረቀት የለ፣ «ተማርኳል» የሚል ሰው የለ። በ1983 ዓ.ም. ያ ግዙፍ ሠራዊት ተበትኖ ወታደሩ በየከተማው በባዶ እግሩ ሲያልፍ እናቴ ዳቦ በመሶብ ይዛ መናኸሪያ ትወርድ ነበር። ዳቦውን እየሰጠች «ናደው ነበርክ ልጄ?» ትላለች። ነበርኩ ያለም አለ፤ የወንድሜን ስም የሚያውቅ ግን አልተገኘም። እንግዲህ መርዶ ሳይመጣ ለቅሶ አይቀመጡም። ለቅሶ ያልተቀመጡበት ሰው ተዝካር አይወጣለትም። ልጅ በሕይወት እያለ ነጠላ መዘቅዘቅ ሟርት ነው። እናቴ በዚህ መሐል ተይዛ ኖረች።

የሐውልቱ ጥበቃ የዘቀዘቀችውን ነጠላ አይቶ ተነሣ። «እማማ፣ ልጅዎ ታጋይ ነበር?» አላት። «ወታደር ነበር» አለችው። እኔ መሬት መሬት ማየት ጀመርኩ። ቦታው ወንድሜ የወጋቸው፣ እሱንም የወጉት ሰዎች መታሰቢያ ነዋ! ሰውየው ለጥቂት ጊዜ ዝም አለ። ከዚያ ወደ ጎጆው ገብቶ የራሱን ወንበር አመጣና «ይቀመጡ እማማ» አለ። ተቀመጠች። አልጮኸችም፣ ደረቷን አልመታችም። ግማሽ ሰዓት ያህል አባይን እያየች አለቀሰች። ከእኛ ራቅ ብሎ አንድ ሙሽራ ይጨፈርለት ነበር።

ስንመለስ ድልድዩ ላይ ሆኜ ሐይቁን ሳይ ዳጋ እስጢፋኖስ ትዝ አለኝ። ከጥቂት ዓመታት በፊት፣ ሥነ ጽሑፍ አስተምር በነበረበት ጊዜ፣ ወንዶች ተማሪዎቼን ይዤ በጀልባ ሄጄ ነበር። ሴቶቹ የቀሩት በእኔ ክፋት አይደለም፤ ዳጋ ሴት አይገባበትም። ደሴቱ በጥቅጥቅ ደን የተሸፈነ ተራራ ነው። ዳገቱን እያለከለክን ወጥተን፣ ጫማችንን አውልቀን ወደ ዕቃ ቤቱ ገባን። የዐፄ ይኩኖ አምላክ፣ የዐፄ ዳዊት፣ የዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ፣ የዐፄ ዘድንግልና የዐፄ ፋሲል አፅም ያረፈው እዚያ ነው። አንዱ ተማሪዬ ካሜራውን ሲያወጣ የሚያስጎበኙን አባት ድምፃቸውን ሳያነሱ «ልጄ፣ አንተን ተኝተህ ሳለህ ቢያነሡህ ደስ ይልሃል?» አሉት። ልጁ ካሜራውን መለሰ። ስለ መቃብር አጎበኛኘት ከዚያ የተሻለ ትምህርት ሰምቼ አላውቅም፤ ከፕሮፌሰርም ቢሆን።

ከአምስቱ ነገሥታት ብዙ ጊዜ የሚታለፈው ዘድንግል ነው። የነገሠው አንድ ዓመት ገደማ ነው፤ ግንብ አልሠራም፣ መጽሐፍ አልጻፈም። ጭሰኛው ከጦረኛው ጫና እንዲላቀቅ፣ ግብር ከመሬት እንጂ ከሰው እንዳይጠየቅ ማወጁ ሠራዊቱን አስከፋበት። በዚያ ላይ ከኢየሱሳዊው ከፔድሮ ፓኤዝ ጋር ተወዳጅቶ ወደ ካቶሊክ ማዘንበሉ ካህናቱን አስቆጣ። ጳጳሱ አቡነ ጴጥሮስ ወታደሩን ለንጉሡ ከገባው የታማኝነት መሐላ ፈቱት። ራስ ዘሥላሴ መራውና አመፁ ፈነዳ፤ በጥቅምት 1597 ዓ.ም. ደምቢያ ውስጥ ባርቻ በተባለ ሜዳ ንጉሡ ከገዛ ሠራዊቱ ጋር ተዋግቶ ወደቀ።

ሬሳው ሜዳ ላይ ቀረ። አሸናፊዎቹ ትተውት ሄዱ፣ ወገኖቹም ሸሹ። ታሪክ ጸሐፊዎች እንደሚሉት ሦስት ቀን ያህል እንደተጋደመ የአካባቢው ገበሬዎች አገኙት፤ አንሥተውም በአቅራቢያቸው በነበረች ትንሽ ቤተ ክርስቲያን ቀበሩት። ስማቸው የትም አልተጻፈም። ማን አዘዛቸው? ማንም። የአመፀኞቹ ወታደሮች ገና በዙሪያው ባሉበት ሰዓት የተሸነፈ ንጉሥ መቅበር እንደ ዛሬው ቢሆን «የማን ወገን ናችሁ?» የሚያሰኝ ነገር ነው። ከዐሥር ዓመት ገደማ በኋላ ነው ዐፄ ሱስንዮስ አፅሙን በክብር አስወጥቶ ወደ ዳጋ ያሻገረው። ሱስንዮስም የዘድንግል ወዳጅ አልነበረም፤ ለዚያው ዙፋን የሚፎካከር ሌላ ተቀናቃኝ እንጂ።

ይኸው ሱስንዮስ በተራው ሕዝቡን ካቶሊክ ላድርግ ብሎ አገር በደም ታጠበች። በሰኔ 1624 ዓ.ም. ወይና ደጋ ላይ የላስታውን መልክአ ክርስቶስን ድል ሲያደርግ ስምንት ሺህ ያህል ሰው፣ አብዛኛው ገበሬ፣ እንዳለቀ ይነገራል። በማግሥቱ መኳንንቱና ልጁ ፋሲል ንጉሡን ወደ ሜዳው ወሰዱት። ሬሳውን እያሳዩ የነገሩት ነገር ሲጠቃለል እነዚህ ባዕዳን አይደሉም፣ ክርስቲያን ወገኖችህ ናቸው፣ ድሉም ድል አይደለም የሚል ነው። ሱስንዮስ በዚያው ወር ዙፋኑን ለፋሲል ለቀቀ፤ የቀደመው ሃይማኖትም ተመለሰ። የወደቀ ሰው ሜዳ ላይ ሄዶ ማየት አንድ ንጉሥ ያስለወጠበት አጋጣሚ በእኛ ታሪክ እሱ ይመስለኛል። ፋሲልም ሲሞት ዳጋ ገባ። በገዛ ወታደሩ እጅ ከወደቀው ከዘድንግል ጋር ዛሬ በአንድ ጣሪያ ሥር ናቸው።

መቼም እኛ ለሙት ክብር የማናውቅ ሕዝብ አይደለንም። መንግሥታችንም ሲፈልግ ይችልበታል። ወደ ኮርያ ከዘመተው የቃኘው ሻለቃ ከ120 በላይ ሰው ሞቶ የሁሉም አስከሬን ባሕር አቋርጦ ወደ አገሩ ተመልሷል፤ አንድም የተማረከ አልነበረም። ቡሳን ባለው የተባበሩት መንግሥታት መካነ መቃብር የኢትዮጵያ ሰንደቅ ዓላማ ቢውለበለብም ኢትዮጵያዊ መቃብር የለም። አፍንጮ በር የቆመውን መታሰቢያቸውን ሄዳችሁ እዩት። እኔ ታዲያ የምለው፣ ከኮርያ ሬሳ ያመጣች አገር ከአፋቤት ስም እንኳ ማምጣት ለምን አቃታት? ኮርያ ላይ የሞተው የሁላችን ነው፤ እርስ በርስ ስንዋጋ የሞተው ግን የአሸናፊ ወይም የተሸናፊ ነው። ለአሸናፊ ሐውልት ይሠራል። ተሸናፊ እናቱ ዘንድ ይቀራል።

ፈረንጆቹም ቢሆኑ ፍጹም አይደሉም። ጉለሌ የእንግሊዝ የጦር መካነ መቃብር የሚባለውን የሚንከባከበው ኮሚሽን በ1917 እ.ኤ.አ. ሲቋቋም መኮንንና ተራ ወታደር እኩል ድንጋይ፣ እያንዳንዱም በስሙ የሚል ደንብ ነበረው። በ2021 እ.ኤ.አ. ግን ራሱ ባወጣው ሪፖርት ከአንደኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ብዙ አፍሪካውያን ወታደሮችና ተሸካሚዎች በስማቸው ሳይታሰቡ መቅረታቸውን አምኖ ይቅርታ ጠይቋል። ዘግይቶም ቢሆን ስም ፍለጋ ተጀመረ።

እኛ ዘንድ ደግሞ ከጥቅምት 2013 እስከ ጥቅምት 2015 በተካሄደው የሰሜኑ ጦርነት፣ ከዚያም ከ2015 ማብቂያ ወዲህ ክልላችን ውስጥ በተነሣው ውጊያ የተነሣ መርዶ የሚጠብቁ ቤቶች አውቃለሁ። ልጃቸው በየትኛው ወገን እንደነበረ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ነው የሚነግሩኝ። እኔም አልጠይቅም። ስሙን ብቻ እጠይቃለሁ።

ሙሽሮቹ ከሐውልቱ ይከልከሉ አልልም። ሕይወት ነው፤ ከሞቱትም ውስጥ ሳይዳር የቀረው ይበዛል። ግን ሙዚቃው ለአንድ አፍታ ቢቆም፣ ሚዜው ባርኔጣውን ቢያወልቅ፣ ሽማግሌው «ነፍስ ይማር» ቢል ሠርጉ ምን ይጎድልበታል? ድሮ በመቃብር አጠገብ ሲያልፉ ከበቅሎ ይወረድ ነበር እኮ።

እናቴ ከሐውልቱ በተመለስን በሳምንቱ ፍትሐት እንዲደረግለት ወሰነች። ማንም ሳያረዳት ራሷን አረዳች ማለት ነው። ቄሱ «የክርስትና ስሙ ማን ነው?» ሲሉኝ አፌን ይዤ ቀረሁ። አብሬው አድጌ፣ ደብዳቤውን አንብቤ፣ የክርስትና ስሙን አላውቅም። «ኃይለ ሚካኤል» አለች እናቴ ከኋላዬ።

እሷ በ2009 ዓ.ም. ዐረፈች። የመቃብሯን ድንጋይ ሳሠራ ከስሟ በታች የወንድሜን ስም ጭምር እንዲጽፍልኝ ለጠራቢው ነገርኩት።

«እሱም እዚሁ ነው ያለው?» አለኝ።

«የለም።»

«ቀኑስ?»

«መጋቢት 1980 በል።»

«ቀን ይኖረው የለ እንዴ?»

«እሱን ዝለለው» አልኩት። በፊደል ልክ ነው የሚያስከፍለው፤ ቆጠረና ሒሳቡን ነገረኝ።