«ጨረታ»፣ «ሐራጅ»ና «ፕሮፎርማ»፦ የግዥ ቃላት አጭር ታሪክ

በንግድ ድርጅቶች መካከል ለሚደረገው ግዥ አማርኛ ቃላቱን ያገኘው ከልዩ ልዩ ምንጭ ነው። «ደላላ»ና «ሐራጅ» ከዓረብኛ፣ «ፋክቱር» ከፈረንሳይኛ ሲመጡ፣ «ጨረታ»ና «አቅራቢ» ከአማርኛ ግሦች፣ ከ«ተጫረተ»ና ከ«አቀረበ» ጋር የተዛመዱ ናቸው። ከእነዚህ ሁሉ መዝገበ ቃላት አዘጋጁንም ተርጓሚውንም ይበልጥ የሚያስቸግረው «ጨረታ» ነው።

«ተጫረተ» በገበያ ቋንቋ ገዥዎች አንዱ በሌላው ላይ ዋጋ እየጨመሩ መፎካከራቸውን ያመለክታል። በድርጅት ግዥ ግን የሚፎካከሩት ሻጮች ናቸው፤ ዋጋውም የሚሄደው ወደ ታች ነው። ቃሉ ሳይለወጥ አቅጣጫው ተገለበጠ ማለት ነው። በ1952 ዓ.ም. የወጡት የፍትሐ ብሔርና የንግድ ሕጎች የተረቀቁት በፈረንሳይኛ ሲሆን፣ በዚያ ቋንቋ «አድጁዲካሲዮን» የሚለው ቃል ሁለቱንም ድርጊት ያጠቃልላል፤ ስለዚህ ከፈረንሳይኛ የሚመልስ ሰው ልዩነቱን ከምንጩ አያገኝም። እንግሊዝኛው ግን «ኦክሽን»ና «ቴንደር» ብሎ ይለያቸዋል።

የ1958ቱ የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ በፍርድ ቤት ትእዛዝ ለሚሸጥ ንብረት «ሐራጅ»ን በመያዙ አንደኛውን ፍች አጽንቷል። የመንግሥትን ግዥ ይመለከት የነበረው አዋጅ ቁጥር 649/2001 ደግሞ «ግልጽ ጨረታ»፣ «ውስን ጨረታ» በማለቱ ሁለተኛውን አደላደለ። የግል ኩባንያዎችም አዋጁ ባያስገድዳቸውም ቃላቱን ተውሰዋል። ይሁን እንጂ በጋዜጣ ማስታወቂያ «የሽያጭ ጨረታ»፣ እንዲያውም «የሐራጅ ጨረታ» የሚል ይነበባል፤ ይህ የድሮው ፍች እንዳልሞተ ያስረዳል።

«ፕሮፎርማ»ም ተመሳሳይ ዕጣ ደርሶታል። በባንክ ዘንድ አንድ ሻጭ ከሽያጭ በፊት የሚሰጠው የዋጋ ሰነድ ነው። በግዥ ክፍል ግን «ሦስት ፕሮፎርማ ይሰብሰብ» ሲባል፣ ከሦስት አቅራቢዎች የመወዳደሪያ ዋጋ ይጠየቅ ማለት ነው።

ስሕተቱ የሚያስከትለው ጉዳት ቀላል አይደለም። «ጨረታ» «ኦክሽን» ተብሎ ቢተረጎም፣ የውጭ አገር አቅራቢ የሚያሸንፈው ከፍተኛው ዋጋ ይመስለዋል። ስለዚህ መዝገበ ቃላቱ «ጨረታ»ን በሁለት ቍጥር ለይቶ መፍታት ይገባዋል፤ ተርጓሚውም ለሽያጩ «ሐራጅ»ን፣ ለግዥው «ጨረታ»ን፣ ለመወዳደሪያው ሰነድ «ዋጋ ማቅረቢያ»ን ቢመርጥ፣ ሦስቱም ቃላት በአገር የታወቁ ስለ ሆኑ አዲስ ቃል መፍጠር አያስፈልገውም።