እንጀራ የማይሰጥ የእንጀራ አባት

የአሜሪካ የማኅበራዊ ዋስትና ሕግ እ.ኤ.አ. በ1935 ሲታወጅ፣ አባታቸው ለሞተባቸው፣ ጥሏቸው ለሄደ ወይም መሥራት ለተሳነው ችግረኛ ልጆች የገንዘብ ድጎማ ፈቀደ። አፈጻጸሙ ግን በአመዛኙ ለክፍላተ ግዛት ተተወ። እነርሱም ከልጆቹ ረሃብ ይልቅ የእናቲቱን ጠባይ መመርመር ያዙ።

በ1963 መባቻ በካሊፎርኒያ፣ በአላሜዳ ወረዳ፣ የበጎ አድራጎት ሠራተኞች በማለዳ በተረጂዎች ቤት እየገቡ ከአልጋ ሥር ሳይቀር ወንድ እንዲፈልጉ ታዘዙ። ቤኒ ፓሪሽ የተባለ ሠራተኛ ትእዛዙን አልፈጽምም በማለቱ ከሥራው ተባረረ፤ በ1967 ግን የክፍለ ግዛቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ፈረደለት።

አላባማ ደግሞ በ1964 «ተተኪ አባት» የሚል ደንብ አወጣች። በደንቡ መሠረት ከእናቲቱ ጋር የሚገናኝ፣ ለሥራ ብቁ የሆነ ወንድ ሁሉ እንደ አባት ይቆጠራል። ልጆቹን ይርዳ አይርዳ አይጠየቅም፤ አብሯት ባይኖር እንኳ መመላለሱ ይበቃል። እስከ ጃንዋሪ 1967 ድረስ የተረጂ ልጆች ቁጥር በ16,000 ገደማ ቀነሰ።

በዳላስ ወረዳ የምትኖረው የአራት ልጆች እናት ወይዘሮ ስሚዝ ድጎማዋ በኦክቶበር 1966 ተቋረጠ። ከሌሊቱ 9፡30 እስከ ቀትር በምግብ ቤት እየሠራች በሳምንት የምታገኘው ከ16 እስከ 20 ዶላር ነበር። ለመቋረጡ ምክንያት የሆነው ቅዳሜና እሑድ የሚጠይቃት ሰው ሚስትና ዘጠኝ ልጆች ያሉት ነው። የእርሷን ልጆች አይረዳም፤ እንዲረዳም ሕግ አያስገድደውም።

ወይዘሮዋ ነገሩን በዝምታ አላለፈችውም፤ ከሰሰች። ጁን 17 ቀን 1968 በዋና ዳኛ ኧርል ዋረን የሚመራው የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በሙሉ ድምፅ ደንቡን ሻረው። በሕጉ አባት የሚባለው ልጆቹን የመደገፍ ሕጋዊ ግዴታ ያለበት ሰው ብቻ ነው፤ ክፍለ ግዛቱ የእናቲቱን ምግባር ቢነቅፍም ችግረኛ ልጆችን ድጎማ ሊነፍግ አይችልም ሲል ወሰነ።

ክርክሩ በዚህ አላበቃም። በ1981 የወጣ ሕግ እናቲቱን ያገባ ሰው ገቢ እንዲታሰብ አዘዘ፤ በ1996 ደግሞ የቀድሞው ድጎማ ራሱ በሌላ ተተካ። ቢሆንም የ1968ቱ ፍርድ ያነሣው ቁም ነገር ከአማርኛው ስያሜ የራቀ አይደለም። አማርኛ የእናትን ባል «የእንጀራ አባት» ይለዋል፤ አባትነቱን ከእንጀራው ጋር ያያይዘዋል። አላባማ ግን እንጀራውን ሳትጠይቅ አባትነቱን ሰጠች፤ ልጆቹም በዚያ ስም ጦማቸውን አደሩ።