ዛፉ እንዴት የሸክላ አበባ እንደ ሆነ

በአዲስ አበባና በሌሎችም ከተሞች፥ ክረምቱ ካለፈ በኋላ በኅዳርና በታኅሣሥ፥ በየአጥሩ ሥር ራሱን እንደ እሳት የሚያቀላ ዛፍ ይታያል። ቁመቱ ከሰው ቁመት ያልፋል፤ ቅርንጫፉ ሲሰበር ነጭ ወተት ያፈሳል። በዚህም ወተቱ የቁልቋልና የቅንጭብ ዘመድ መሆኑ ይታወቃል፤ የዕፅዋት ሊቃውንትም ሦስቱን በአንድ ወገን ቈጥረው ኤውፎርቢያ ይሉአቸዋል። ቀልቶ የሚታየውም አበባው አይደለም፤ ቅጠሉ ነው። እውነተኛው አበባ በቀዩ ቅጠል መካከል ተሰብስቦ የሚገኘው፥ ብዙ ሰው ልብ የማይለው ጥቃቅን ብጫ ነገር ነው።

ይህ ተክል በአውሮፓና በአሜሪካ ፖይንሴቲያ ተብሎ፥ በትንሽ ሸክላ ተተክሎ ለልደት በዓል ይሸጣል፤ በዓሉም ካለፈ በጥቂት ሳምንት ውስጥ አብዛኛው ከነሸክላው ይጣላል። በአገሩ ዛፍ ሆኖ ብዙ ዓመት የሚኖር ፍጥረት፥ በሌላ አገር የአንድ ወር ጌጥ ስለ ምን ሆነ? ይህን ለማወቅ ታሪኩን ከሥሩ መመልከት ያስፈልጋል። ዓመታቱ ሁሉ እንደ ፈረንጆች አቈጣጠር ናቸው።

የትውልድ አገሩ ሜክሲኮ ነው። በዚያ በምዕራብ በኩል፥ ወደ ሰላማዊ ውቅያኖስ በሚወርደው ተዳፋትና ሸለቆ በዱር ይበቅላል። እስጳንያዎች ሳይመጡ የአዝቴክ ሕዝብ በናዋትል ቋንቋ ኩዌትላሾቺትል ብሎ ይጠራው ነበረ፤ ከቀዩም ቅጠል ቀለም ያወጣ፥ ወተቱንም ለንዳድ መድኃኒት ያደርግ እንደ ነበረ ይነገራል። በ16ኛው መቶ ዘመን በሜክሲኮ የኖረው ፍራንሲስካዊው መነኵሴ በርናርዲኖ ዴ ሳሃጉን፥ የሕዝቡን ኑሮና የአገሩን ፍጥረት በሰበሰበበት ታላቅ መጽሐፍ ስሙን ከአበቦች ጋራ አግብቶታል። በ17ኛው መቶ ዘመንም በታክስኮ የነበሩ መነኮሳት በልደት ዑደት ይሸከሙት ጀመር ይባላል። በታኅሣሥ ሜዳው ሁሉ ሲደርቅ ይህ ቀልቶ የሚገኝ ስለ ሆነ ምርጫቸው አያስደንቅም። ሜክሲኮዎች እስከ ዛሬ ድረስ የልደት ዋዜማ አበባ ይሉታል።

የፖይንሴቲያ ስም የመጣው ግን ከዚህ ሁሉ አይደለም። በ1825 ዓ. ም. የአሜሪካ መንግሥት የመጀመሪያውን ሚኒስትር ወደ ሜክሲኮ ላከ። እርሱም በ1779 ዓ. ም. በቻርልስተን የተወለደ፥ ዕፅዋትን እጅግ የሚወድ ጆኤል ሮበርትስ ፖይንሴት ነው። በ1828 ዓ. ም. ገደማ ተክሉ በእርሱ ምክንያት ወደ አሜሪካ ተሻግሮ፥ በ1829 ዓ. ም. በሰኔ ወር በፊላዴልፊያ በተደረገው የአበባ ትርኢት ለሕዝብ ታየ። ከዚያ ሮበርት ቡይስት የሚባል ስኮትላንዳዊ አትክልተኛ ወደ ኤዲንበርግ ወሰደው፤ በዚያም ሮበርት ግራሃም የተባለው ሊቅ በ1836 ዓ. ም. በፖይንሴት ስም ጠራው። ነገር ግን በርሊን የነበሩ ሊቃውንት ቀድመው በ1834 ዓ. ም. ኤውፎርቢያ ፑልኬሪማ፥ ማለት እጅግ የተዋበች ብለው ስላወጡት፥ በሊቃውንት ዘንድ የጸናው ይህ ነው። የፖይንሴት ስም በገበያ ቀረ።

ሰውዬው ራሱ በሜክሲኮ በመልካም አልተሸኘም። በአገሩ ፖለቲካ እጁን አብዝቶ ስላገባ መንግሥቱ ይነሣልን ብሎ ጠየቀ፤ በ1830 ዓ. ም. መጀመሪያም አገሩን ለቆ ሄደ። ኋላ ከ1837 እስከ 1841 ዓ. ም. የአሜሪካ የጦር ሚኒስትር ሆነ። የቼሮኪ ሕዝብ ከርስቱ በወታደር ተነቅሎ ወደ ምዕራብ ሲሰደድ፥ በመንገድም በሺህ የሚቈጠር ሰው ሲያልቅ፥ በዚያ ሥልጣን ላይ የነበረ እርሱ ነው። ባሪያዎችም ነበሩት። ከዚህ የተነሣ በቅርብ ዓመታት ስሙ ተትቶ ጥንታዊው የናዋትል ስም ይመለስ የሚሉ ሰዎች ተነሥተዋል። ለአንድ ሹም መታሰቢያ ይሁን ተብሎ ሕዝቡ ዘመን የጠራበት ስም መሸፈኑ፥ በእውነት ሚዛን የጐደለው ነገር ነው። እንዲያውም አሜሪካኖች ተክሉን የሚያስቡበት ቀን ታኅሣሥ 12፥ ፖይንሴት በ1851 ዓ. ም. የሞተበት ቀን ነው።

ዛፉን ወደ ሸክላ ያገባው ደግሞ ሌላ ቤተ ሰብ ነው። ከጀርመን የመጣው አልበርት ኤኬ በሎስ አንጀለስ አጠገብ ቅርንጫፉን እየቈረጠ በመንገድ ዳር ይሸጥ ነበር፤ ልጁ ፓውል በ1923 ዓ. ም. እርሻውን ወደ ኤንሲኒታስ አዛወረ። የኤኬ ተክል አጭርና ባለብዙ ቅርንጫፍ ሲሆን የሌላው ሰው ግን አንድ ግንድ ብቻ አውጥቶ ይረዝም ነበርና፥ ገበያው ለብዙ ዘመን በእጃቸው ቈየ። ምሥጢሩ ሁለት ዐይነት ተክል በማዳቀል አንዱን በሌላው ላይ መትከል ነበረ። በ1990ዎቹ መጀመሪያ አንድ ተመራማሪ ይህን ደርሶበት በጽሑፍ አወጣው፤ በ1997 ዓ. ም. ደግሞ ቅርንጫፍ የሚያበዛው፥ ከአንዱ ወደ ሌላው የሚተላለፍ ፋይቶፕላዝማ የተባለ ረቂቅ ሕዋስ መሆኑ ተገለጠ። ያ ሁሉ ውበት፥ እንግዲህ፥ አንድ ዐይነት ደዌ ነው ቢባል ስሕተት አይሆንም። ዛሬ ለአውሮፓ ገበያ የሚሆነው ለጋ ቅርንጫፍ ከሚቈረጥባቸው አገሮች አንዲቱ ኢትዮጵያ ናት፤ ሥር ሳያወጣ በአውሮፕላን ይላካል፥ በዚያም በመስተዋት ቤት ይተከላል።

የቀረው ነገር የቅላቱ ምክንያት ነው። በ1920 ዓ. ም. ጋርነርና አላርድ የተባሉ አሜሪካውያን፥ ተክል የሚያብብበትን ጊዜ የሚያውቀው በቀንና በሌሊት ርዝመት መሆኑን አስረዱ። ይህም ተክል ሌሊቱ ከ12 ሰዓት ካላለፈ በደንብ አይቀላም። ስለዚህ በሰሜኑ ምድር በታኅሣሥ፥ በደቡብ አፍሪካና በአውስትራሊያ በሰኔና በሐምሌ ይቀላል። በአዲስ አበባም በደጅ ያለው ሲቀላ፥ ማታ ማታ መብራት በሚበራበት ክፍል የተቀመጠው አረንጓዴ ሆኖ የሚቀረው በዚህ ምክንያት ነው፤ ባለቤቱ ግን ውኃ ያነሰው መስሎት ያጠጣዋል።

እንግዲህ ተክሉን ከዓመት ዓመት ማኖር የሚወድ ሰው ከበዓሉ በኋላ አይጣለው። ብርሃን በሚገባበት መስኮት፥ ከብርድ ነፋስ አርቆ ያስቀምጠው፤ አፈሩ ከላይ ሲደርቅ ያጠጣው፥ ከሸክላው በታች የሚጠራቀመውንም ውኃ ይድፋው፥ ሥሩን ያበሰብሰዋልና። በመጋቢት ወይም በሚያዝያ ግንዱን ከአፈሩ በላይ አንድ ስንዝር ያህል አስቀርቶ ይቍረጠው፥ በአዲስ አፈርም ይትከለው፤ በሚያድግበት ወራት ጫፉን እየቀነጠበ ማዳበሪያ ይስጠው። ከመስከረም መጨረሻ ጀምሮ እስከ 10 ሳምንት ድረስ ማታ ከ11 ሰዓት እስከ ጧት 1 ሰዓት ጨርሶ ብርሃን በማይገባበት ስፍራ ያግባው፥ ቀን ግን ወደ ፀሐይ ያውጣው። አንድ ሌሊት መብራት ቢበራበት ሥራው ይዘገያል። ይህን በየቀኑ ማድረግ የማይሰለቸው ሰው ጥቂት ነው፤ በአሜሪካ የመጣሉም ዋና ምክንያት ይኸው ይመስላል።

መርዝ ነው ብለው የሚፈሩትም አሉ። በ1919 ዓ. ም. በሃዋይ አንድ ሕፃን ቅጠሉን በልቶ ሞተ የሚል ወሬ ተነሥቶ ነበር፤ እውነት ሆኖ አልተገኘም። በ1996 ዓ. ም. በአሜሪካ 22,793 ሰዎች ተክሉን የቀመሱበት ወይም የነኩበት ማስረጃ ተመርምሮ አንድ ስንኳ የሞተ አልተገኘም። ወተቱ ግን የአንዳንዱን ሰው ቈዳ ያሳክካል፤ ሲቈርጡት እጅን መታጠብ ይገባል።

በሁለተኛው ዓመት ተክሉ ሲቀላ በገበያ እንደ ተገዛበት ዕለት አጭርና ክብ ሆኖ አይገኝም። ነጋዴዎቹ ቁመቱን የሚያቆሙበት መድኃኒት ኀይሉ አልቋልና፥ ግንዱ እየጠነከረ፥ ቅርንጫፉ ወደ ላይ እየተመዘዘ ይሄዳል። ሸክላውን የሚሰነጥቅበትም ጊዜ አለ።