መለያ ቁጥር፦ ኪቦርድ ላይ የሌለውን ምልክት በቁጥሩ መጥራት

ካምፓላ መሃል ከተማ ውስጥ ናስር ሮድና ንክሩማ ሮድ የማተሚያ ሰፈር ናቸው። የሠርግ መጥሪያ፣ ደረሰኝ፣ ፖስተር፣ የምግብ ቤት ሜኑ እዚያ ይታተማል። በካባላጋላና በካንሳንጋ የሚኖር ሐበሻም የሚያሳትመው ነገር ሲኖረው ፍላሹን ይዞ ወደዚያ ማቅናቱ አይቀርም። ማተሚያ ቤቱ ኮምፒውተር ላይ ሁለት ቋንቋዎች በአንድ ችግር ይገናኛሉ። ሉጋንዳ ኪቦርዱ ላይ የማይገኝ አንድ ፊደል አለው፤ አማርኛ ደግሞ ከነነጥቡና ከነቁጥሩ ኪቦርዱ ላይ የለም። ለሁለቱም መውጫው በእንግሊዝኛ «ኮድ ፖይንት» የሚባለው ነው፤ እዚህ «መለያ ቁጥር» እንለዋለን።

ከሉጋንዳው እንነሳ። «አንገት» ስንል ን ከገ ጋር ተጣብቃ ከወደ ጉሮሮ ትወጣለች፤ የላቲኗ «ኤን» በምትወክለው ድምፅ አይደለም የምንላት። በአማርኛ ይህ ድምፅ እንደ ገ፣ ከ እና ቀ ካሉት በፊት ብቻ ስለሚመጣ የራሱ ፊደል አላስፈለገውም። በሉጋንዳ ግን ለብቻው ይቆማል፣ ጠብቆም ይነገራል፤ ከበሮ የሚለው ቃል ራሱ በዚሁ ድምፅ የተሠራ ነው። እ.ኤ.አ. በ1947 የባጋንዳ ጉባኤ ያጸደቀው የአጻጻፍ ሥርዓት ለዚህ ድምፅ አንድ ፊደል መደበለት፤ ቀኝ እግሩ ከመስመር በታች ወርዶ ወደ ግራ የታጠፈ «ኤን»። በታይፕ ማሽንም ሆነ በእንግሊዝኛ ኪቦርድ ላይ ስለማይገኝ ብዙ ሰው «ኤን» እና «ጂ» ጽፎ ከላይ ጭረት ያደርግለታል። ያነበበው ሰው ይግባባል፤ ኮምፒውተሩ ግን ያንን ሦስት ምልክት እንጂ አንድ ፊደል ነው ብሎ አይቀበለውም። ቃሉ በሁለት መንገድ ስለሚጻፍ በአንደኛው የፈለገ ሰው በሌላው የተጻፈውን አያገኘውም።

ለዚህ ድምፅ ግዕዝም ፊደል እንዳለው ስንቶቻችን እናውቃለን? እንደ ብሌን ያሉ የአገው ቋንቋዎች በግዕዝ ፊደል ሲጻፉ ጘ የምትባለውን ይጠቀማሉ። እሷም እንደ ሉጋንዳዋ እህቷ ከብዙ የአማርኛ መጻፊያ ላይ በቀላሉ አትገኝም።

ኮምፒውተር ፊደልን የሚያውቀው በቁጥሩ ነው። ዩኒኮድ የሚባለው ዓለም አቀፍ ስምምነት ለእያንዳንዱ ፊደልና ምልክት አንድ ቁጥር ሰጥቷል፤ የተሰጠው ቁጥር አይቀየርም፣ ለሌላም አይተላለፍም። የግዕዝ ፊደል በዚህ መዝገብ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 በወጣው ሦስተኛው እትም ነው። ሀ 1200፣ ሁ 1201፣ ሂ 1202 እያለ ይቀጥላል። ሁለት ነጥብ (፡) 1361፣ አራት ነጥብ (።) 1362፣ ነጠላ ሰረዝ (፣) 1363፣ ድርብ ሰረዝ (፤) 1364 ነው። ጘ 1318 ናት። ቆጠራው በአሥር ሳይሆን በአሥራ ስድስት መሠረት ስለሆነ ከ9 በኋላ ከኤ እስከ ኤፍ ያሉት የላቲን ፊደላት ይከተላሉ፤ ለዚህ ነው የሉጋንዳው ፊደል ትንሹ 014ቢ፣ ትልቁ 014ኤ የሆነው።

«ኮድ ፖይንት»ን ቃል በቃል «የኮድ ነጥብ» ማለት ይቻላል፤ እኔ ግን አልመርጠውም። ስለ ጽሑፍ ሲወራ ነጥብ የሚለው ቃል በአማርኛ ባለቤት አለው፤ «የአራት ነጥብ የኮድ ነጥብ» እያሉ ማስረዳት ሰሚን ማደናገር ነው። መለያ ቁጥርን ግን ግብር የከፈለ ሁሉ ያውቀዋል፦ ለአንዱ የተሰጠው ለሌላው አይሰጥም።

አጠቃቀሙ እንዲህ ነው። ወርድ ላይ «ኢንሰርት»፣ ከዚያ «ሲምቦል»፣ ከዚያ «ሞር ሲምቦልስ» ሲነኩ የምልክቶች ሰንጠረዥ ይከፈታል። ከታች «ካራክተር ኮድ» በሚለው ቦታ መለያ ቁጥሩን ቢጽፉ ምልክቱ ጋ ይወስድዎታል፤ አጠገቡ ዩኒኮድ መመረጡን ብቻ ይዩ። ያንኑ ምልክት ደጋግመው የሚጽፉ ከሆነ እዚያው «ሾርትከት ኪ» በሚለው በኩል የራሱን አቋራጭ ይስጡት። ከዚህም የሚፈጥን መንገድ አለ፤ በዊንዶውስ ወርድም ሆነ በሊብሬኦፊስ ይሠራል። ጽሑፉ ላይ 1362 ብለው ጽፈው አልት እና ኤክስን አንድ ላይ ይጫኑ፤ ቁጥሩ ጠፍቶ አራት ነጥብ ይተካል። በግዕዝ ቁጥር 2018ን ለመጻፍ 1373 (፳)፣ 137ቢ (፻)፣ 1372 (፲)፣ 1370 (፰) እያሉ ከእያንዳንዱ በኋላ አልትና ኤክስን ሲጫኑ ፳፻፲፰ ይመጣል።

የሉጋንዳ ጸሐፊ እዚህ ላይ አንድ ወጥመድ ይጠብቀዋል። ከበሮ የሚለው ቃል የሚጀምረው በላቲኑ «ኢ» ነው። ከእሱ አስከትሎ 014ቢ ጽፎ አልትና ኤክስን ቢጫን፣ «ኢ»ም በአሥራ ስድስት ቆጠራ ውስጥ ካሉት ፊደላት አንዷ ስለሆነች ወርድ አምስቱንም እንደ አንድ ቁጥር ይወስዳቸውና ያልታሰበ ነገር ያወጣል። ብዙ የሉጋንዳ ስሞች በ«ኤ» ወይም በ«ኢ» ስለሚጀምሩ ይህ በየመስመሩ የሚያጋጥም ነው። መድኃኒቱ ቀላል ነው፤ የቁጥሩን አራት ምልክቶች ብቻ በማውስ መርጦ መጫን።

አልትና ኤክስ ወደ ኋላም ይሠራል፤ ለእኛ የበለጠ የሚጠቅመውም ይህ ይመስለኛል። ከአንድ አራት ነጥብ ኋላ ጠቋሚውን አቁመው ይጫኑት። 1362 ከመጣ ምልክቱ እውነተኛ ነው። 003ኤ ከመጣና ሌላ ሁለት ነጥብ ከፊቱ ከቀረ ግን ጸሐፊው የእንግሊዝኛውን ሁለት ነጥብ ደርቦ አራት ነጥብ አስመስሎታል ማለት ነው። በዓይን ልዩነቱ እምብዛም አይታይም። ሁለቱ ሁለት ነጥቦች ግን ለየብቻ የቆሙ ምልክቶች ናቸው፤ በመካከላቸው ክፍተት ከገባ አንዱ መስመር መጨረሻ ላይ ቀርቶ ሌላው ወደሚቀጥለው መስመር ይወርዳል። ዓረፍተ ነገርን በአራት ነጥብ የሚለይ ፕሮግራምም ያንን ጽሑፍ ከላይ እስከ ታች አንድ ዓረፍተ ነገር አድርጎ ያየዋል። በአማርኛ የሚጻፈው ብዙ ነው፤ በዚህ ልማድ የተበላሸውም ብዙ ነው፤ መተው ያለብን ልማድ ነው።

ከመለያ ቁጥር ጋር የሚምታታው ፎንት ነው። ፎንት የምልክቱ መልክ ብቻ ነው። ከዩኒኮድ በፊት የነበሩት የአማርኛ ፎንቶች የግዕዙን መልክ በላቲን ፊደላት ቁጥር ላይ ነበር የሚያስቀምጡት። አዲስ አበባ ላይ ጥርት ብሎ የሚነበበው የቆየ ፋይል ፎንቱ በሌለበት የካምፓላ ኮምፒውተር ሲከፈት የላቲን ፊደልና የምልክት ቅይጥ የሚሆነው ለዚህ ነው። ዛሬም ከ«ሲምቦል» ሰንጠረዥ ዊንግዲንግስ የሚባለውን ፎንት መርጦ የእርማት ምልክት የሚያስገባ ሰው እዚያው ስህተት ውስጥ ነው፤ ስልክ ላይ ሲከፈት ሳጥን ወይም ሌላ ፊደል ሊሆንበት ይችላል። የእርማት ምልክት የራሱ መለያ ቁጥር አለው፣ 2713።

ስለዚህ ማተሚያ ቤት ከመሄድዎ በፊት ፋይሉን ሁለት ጊዜ ያስቀምጡ። አንዱ ፎንቱ አብሮት የሚሄድ ፒዲኤፍ ይሁን፤ ማተሚያ ቤቱ የአማርኛ ፎንት ባይኖረውም እንዳለ ያትመዋል። ሌላው የወርዱ ፋይል ነው፤ ስም ወይም ቀን ማረም ሲያስፈልግ በመለያ ቁጥር የተጻፈ እስከሆነ ድረስ ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክን ወይም አቢሲኒካን በነፃ አውርዶ ማንም ሊያርመው ይችላል።