የአንድ ግንድ ልሳናትና የሁለት ብሔርተኝነት ጠብ

በእምድብር ገበያ ቆሞ ቸሃኛ ሲነገር ያደመጠ አማርኛ ተናጋሪ «ቤት» እና «ደም» የሚሉትን ቃላት ያለ አስተርጓሚ ይረዳል። ዕብራይስጡ «ባይት» እና «ዳም»፣ ዐረብኛው «በይት» እና «ደም» ይላል። አራቱም የአንድ ግንድ ቅርንጫፎች ናቸው። ለግንዱ «ሴማዊ» የሚለውን መጠሪያ ከኦሪት ዘፍጥረት ወስዶ እ.ኤ.አ. በ1781 ያወጣለት ጀርመናዊው ሽሎዘር ነበር። ስሙ የልሳን መጠሪያ ብቻ ሆኖ በቀረ!

በ19ኛው ምዕት ዓመት ግን የአውሮፓ ጸሐፍት የልሳንን ዝምድና ወደ ዘርነት ለወጡት። እ.ኤ.አ. ከ1879 ወዲህም «ፀረ ሴማዊነት» የፖለቲካ መፈክር ሆነ። በልሳን ከሆነ ዐረቡም የቸሃ ሰውም በዚያው ስም ሥር ነበሩ፤ የተሳደደው ግን አይሁዱ ነው። ሄርዝል እ.ኤ.አ. በ1896 ስለ አይሁድ መንግሥት መጽሐፉን ያሳተመው ይህን ጥላቻ ተመልክቶ ነው። ከእርሱ አስቀድሞ ቤን ይሁዳ እ.ኤ.አ. በ1881 ኢየሩሳሌም ገብቶ፣ የጸሎትና የመጽሐፍ ልሳን ሆኖ የቆየውን ዕብራይስጥ የሕፃናት አፍ መፍቻ ለማድረግ ተነሥቶ ነበር። በቤይሩትም ክርስቲያኑ ዐረብ ቡጥሩስ አል ቡስታኒ ታላቁን የዐረብኛ መዝገበ ቃላት አዘጋጅቷል።

እንግዲህ ሁለቱም ብሔርተኝነት ከጦር ሜዳ በፊት በመዝገበ ቃላት ገጽ ላይ ታይተዋል። ያጣላቸው መሬቱ ነው። ነጂብ አዙሪ እ.ኤ.አ. በ1905 በፓሪስ ባሳተመው መጽሐፍ ሁለቱ ንቅናቄዎች አንዱ ሌላውን እስኪያሸንፍ ድረስ እንደሚዋጉ አስቀድሞ ጽፏል። እንግሊዝ ደግሞ በ1915 እና በ1916 ለመካው ሸሪፍ ሑሴን የዐረብ ነፃነትን፣ በ1917 ለአይሁድ በፍልስጥኤም ብሔራዊ መኖሪያን ተስፋ ሰጠች። ፍልስጥኤም በመጀመሪያው ተስፋ ውስጥ መግባት አለመግባቷ እስከ ዛሬ ያከራክራል፤ አንዱን በሬ ለሁለት ገበያተኛ የሸጠው ነጋዴ ግን መሐል ገብቶ ዳኛ ሆነ።

የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት ኅዳር 19 ቀን 1940 ዓ.ም. ፍልስጥኤምን ለመክፈል በ33 ድምፅ ሲወስን 13 አገሮች ተቃወሙ። ኢትዮጵያ ድምፅ ካልሰጡት 10 አገሮች አንዷ ነበረች።

ጦርነቱ ካለፈ ከጥቂት ዓመታት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1951፣ ከጀርመን መጥቶ በኢየሩሳሌም ያስተማረው ፖሎትስኪ ስለ ጉራጌ ሰዋስው የጻፈው ጥናት በዚያችው በተከፈለች ከተማ ታተመ። በፖላንድ የተወለደው፣ በፈረንሳይ በእስር ካምፕ የቆየው ወልፍ ሌስላውም እ.ኤ.አ. በ1946 ኢትዮጵያ ደርሶ የጉራጌን ልሳናት መመዝገብ ያዘ። ሣህለ ሥላሴ ብርሃነ ማርያም በቸሃኛ የጻፉትን የመንደር ታሪክ ወደ እንግሊዝኛ መልሶ እ.ኤ.አ. በ1964 ለንባብ ያበቃው እርሱ ነው።